አራተኛዋ ሽምብራ

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት ኃላፊያችን ተነሥቶ ስለ እኔ ተናገረ። «ሌላው በወር የሚጨርሰውን እሱ በሳምንት ይጨርሰዋል» አለ። «ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ጊዜ የማያባክን፣ የቱን ሠርቶ የቱን መተው እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። የንፋስ መውጫ ብርድ በተሰነጠቀው መስኮት እየገባ ሁሉንም ያኮራምታል፤ እኔን ግን ያልበኛል። ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አያ ደምሌ ተቀምጠው ነበር። ከወገዳ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ ለእኔ ስንብት ብለው ሌሊት ተነሥተው የመጡ የስማዳ ገበሬ ናቸው። እሳቸውም ከሰው ጋር ሲያጨበጭቡ አየኋቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋቢ አለበሱኝ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ለስላሳው ተጠጣ። ሰው ሲበተን አያ ደምሌ እጄን ያዙና ወደ አዳራሹ ግድግዳ ጥግ ወሰዱኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ» አሉኝ። «ያ ጎርፍ ማሳዬን የወሰደው ጊዜ፣ በስብሰባው ላይ ተነሥተህ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› ብለህ ነበር። ለእኔ አዝነህ ያልኸው ነው ወይስ እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው አያ።»

«ተው እንጂ! እኔ እስከ ዛሬ አዝኖልኝ ነው ብዬ ስመርቅህ ነው የኖርሁ።» ትክ ብለው አዩኝ። «ለራሴ ቢሆን አልጠይቅህም፤ እኔስ ለመድሁት። አሁን በዚያው ወንዝ አዲስ የመስኖ ጠለፋ ሊሠራ ነው ተብሎ የውሃ በሩ ቁልፍ ያዥ ሲመረጥ፣ አንዱ ልጄን ይታየውን ጠቆመው። ‹የደምሌ ልጅ? ከዚያ ቤትስ አይሆንም› አሉ፤ እሱ በተቀመጠበት። ልጁ ከዚያን ቀን ወዲህ ገበያ እንኳ አልወጣም። ጥፋቱ የእኔ ካልሆነ አስረዳኝና እኔም ላስረዳ።»

ምን ብዬ በአንድ ጊዜ ላስረዳቸው? ነገሩ የሥራ ዘመኔን ሙሉ ይጎትታል። ለእሳቸው በአጭሩ ያሳየሁትን እዚህ ከሥሩ ልጻፈው።

ሥራዬ ወንዝን ኮምፒውተር ውስጥ መሥራት ነበር። አንድ ጠለፋ፣ ማለትም ወንዙን አግዶ ውሃውን ወደ መስኖ ቦይ የሚመልስ ግንብ፣ መሬት ላይ ከመሠራቱ በፊት የወንዙን ስፋት፣ ቁልቁለቱን፣ ድንጋዩንና አፈሩን ለክተን እናስገባለን። ከዚያ በዚያ ወንዝ ላይ ጎርፍ እንለቅና ውሃው የት እንደሚደርስ እናያለን። አንዱን ልቀት «ዙር» እንለዋለን። ሰው ሙያው ኮምፒውተሩን መነካካት ይመስለዋል፤ እሱንማ ማንም በሳምንት ይለምደዋል። ያኔ ቢሮው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ነበረው፤ አንዱ ዙር ጠዋት ተጀምሮ ማታም ላያልቅ ይችላል፤ መሀል ላይ መብራት ይጠፋል። መሞከር የሚያምርህ ነገር መቶ ነው፤ ማስኬድ የምትችለው ጥቂት። ሙያው እንግዲህ ከመቶው የትኞቹን ጥቂቶች እንደምታስኬድ መምረጥ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት እዚሁ ንፋስ መውጫ ነው። ስለ ደመወዙ ባልናገር ይሻለኛል፤ አበሉም በጋ የጠየቅኸው ክረምት ይደርሳል። የመጀመሪያ አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ቁጥር ግን አይወድም። ያወጣሁትን ካርታ ሲያይ «ሰማያዊውን አጠንክረው፣ ቀዩ ደግሞ ይደምቅ፤ የበላይ አካል ሲያየው ደስ ይበለው» ይለኝ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት የወጣሁ ጎረምሳ፣ አዋቂ ነኝ ባይ፣ ቀለም ሳደምቅ ውዬ ሳደምቅ አመሻለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ በመንገድ ሥር የሚያልፍ አንድ ቱቦ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ቱቦውን ትቶ በመንገዱ ላይ ይጋልባል። ምክንያቱን ፈልግ ተባልኩ። እኔ ሆዬ ጠንቃቃ ነኝ ብዬ አንድ ነገር ብቻ እየቀያየርኩ አስኬድ ጀመር። ቱቦውን አጠበብኩት፤ ውሃው በሰላም በቱቦው አለፈ። ወደ ቦታው መለስኩትና አፉ ላይ ገለባና ድንጋይ እንዲከመር አደረግኩ፤ አለፈ። ያንንም መለስኩና ቁልቁለቱን ነካካሁ፤ አለፈ። በጋው እንዲህ እንዲህ እያለ አለቀ። በመጨረሻ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብዬ አስረከብኩ።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ትርንጎ ከእስቴ የመጡት። በአካባቢው የነበሩት ነባር ዲዛይነር እሳቸው ነበሩ፤ አጭር፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ ያደረጉ፣ ምላሳቸው ማንንም የማይምር ሴት። ሥራዬን አገላብጠው አዩና «ሁሉንም ለየብቻ ጠርተህ ጠየቅሃቸው፤ ሁሉም ጨዋ ነኝ አለህ» አሉኝ። «እስቲ አብረው ጥራቸው።»

ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አራት ማዕዘን ሣሉ። ከሌላው ኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ አወጡና በየማዕዘኑ አንድ አንድ ፍሬ አስቀመጡ። «ሁለት ተጠርጣሪ ካለህ አራት ዙር አለህ» አሉ። «እዚህ ሁለቱም ደግ ናቸው። እዚህ ቱቦው ይጠብባል፣ አፉ ንጹሕ ነው። እዚህ ቱቦው ሰፊ ነው፣ አፉ ተዘግቷል። እዚህኛው ላይ ሁለቱም ከፍተዋል። ዙሩ ሲያልቅ የማዕዘኑን ሽምብራ ትበላለህ። ሳታስኬድ የበላህ እንደሆነ ወየውልህ።» ሦስቱን በላን። አራተኛው ዙር ላይ ውሃው ኮምፒውተሩ ውስጥ ዘልሎ መንገዱ ላይ ወጣ። እኔ በጋውን ሙሉ ያላገኘሁትን በአራት ዙር አገኙት። የዚያን ቀንም አፍሬ ነበር፤ ያ ግን ጎረምሳ የሚያፍረው ዓይነት ሐፍረት ነው፣ እራት ሲቀርብ ይረሳል።

ለምኜ ወደ እስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ፣ እሳቸው ሥር ተዛወርኩ። ሥራ ተማርኩ ብል እዚያ ነው።

ለእትዬ ትርንጎ ሰባት ተጠርጣሪ ብታመጣላቸው አይደነግጡም። ሰባቱን በሁሉም ማዕዘን እናስኪድ ብትል ዙሩ ከመቶ ያልፋል፤ ክረምት ይገባብሃል። እሳቸው ስምንት ዙር ብቻ ይመርጣሉ። እያንዳንዱ ተጠርጣሪ በግማሾቹ ዙሮች ደግ፣ በግማሾቹ ክፉ እንዲሆን አድርገው ያደባልቋቸዋል፤ ከዚያ የትኛው ሲከፋ ውሃው እንደሚያብድ ከስምንቱ ይለያሉ። ያንንም የሚያደርጉት በሻካራ ካርታ ነው፤ ወንዙን በትልልቅ ቁራጭ ከፋፍለው፣ ግማሽ ቀን እንኳ ሳይፈጅ። «ዱቄቱን በሻካራው ወንፊት ሳትነፋ ከደቃቁ ወንፊት አትጀምርም» ይሉኛል። ሁለት ሦስት ተጠርጣሪ ሲቀር ብቻ ካርታው ይጠራል፣ ሽምብራው ይወጣል፣ ማዕዘኖቹ ሁሉ ይኬዳሉ።

ሌላም አመል ነበራቸው። ቁልፉን ከመጫንህ በፊት «ውሃው የት የሚደርስ ይመስልሃል?» ብለው አፍጥጠው ይጠይቁሃል። ሳትገምት መጫን የለም። ግምትህ ከውጤቱ ጋር ከተጣላ መጀመሪያ የራስህን ስሕተት ትፈልጋለህ፤ ከሌለ ወንዙ አንድ ነገር አስተማረህ ማለት ነው። የሄደውን ያህል በየመሀሉ እያስቀመጥን እንድንሠራም ያስገድዱናል። አንድ ጊዜ ሳላስቀምጥ መብራት ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ የሠራሁት ሲጠፋ «መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ የሚጀምር ሰው ራሱ ዜሮ ነው» ብለውኝ ቢሮው በሙሉ ሳቀብኝ። በሁዳዴ ደግሞ ሽምብራውን በየማዕዘኑ ይደረድራሉ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ማንም አይነካውም፤ ዙሩ ጠዋት ቢያልቅም ሽምብራዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጠብቃለች። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ።

እሳቸው ጡረታ ወጡና የነባር ዲዛይነርነቱ ቦታ ለእኔ ተረፈ፤ ቢሮዬም መልሶ ንፋስ መውጫ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የስማዳው ጠለፋ መጣ።

ወንዙ ከጋይንት ደጋ ተነሥቶ በስማዳ ቆላ የሚወርድ ነው። ቀኝ ዳሩ ዓለት ነው፤ ግራው ለጥ ያለ ጥቁር አፈር። ከጠለፋው ሥር በግራ በኩል ያለው ማሳ የአያ ደምሌ ነበር። ያኔ ጉልበታም ገበሬ ነበሩ፤ በዚያ ላይ የማርያም ጽዋ ማኅበራቸው ሙሴ፣ አለቃቸው ማለት ነው፣ ስለነበሩ በሰፈሩ አደራ የሚባል ነገር ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው። ጠለፋው በግራው ዳር ውሃውን የሚይዝ የጎን ግንብና ደለል የሚያስወጣ አንድ የብረት በር አለው፤ በሩ ሲዘጋ ውሃው ወደ ቦዩ ይበዛል፤ በመዘውር ይነሣል፣ ልጆች እንዳይጫወቱበት በቁልፍ ይታሰራል። ቁልፍ ያዥ ይመረጥ ሲባል ሰው ሁሉ «ደምሌ» አለ።

ከዲዛይኑ ሁለት ተጠርጣሪ ቀርቶኝ ነበር፦ ትልቅ ጎርፍና የተዘጋ በር። የተለመደ ጎርፍ፣ በሩ ተከፍቶ፣ አስኬድኩ፤ ደኅና። የተለመደ ጎርፍ፣ በሩ ተዘግቶ፤ ደኅና። ትልቅ ጎርፍ፣ በሩ ተከፍቶ፤ ጠበብ አለ፣ ግን ደኅና። ሦስቱን ሽምብራ በላሁ። አራተኛዋ፣ ትልቅ ጎርፍ ከተዘጋ በር ጋር፣ ጠረጴዛው ላይ ቀረች።

ሆሳዕና አልፎ ሰሙነ ሕማማት ገብቶ ነበር። በጠራው ካርታ አንዱ ዙር ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ መብራቱ ደግሞ በዚያ ሳምንት አንዴ መጣ አንዴ ሄደ። አለቃው ከበዓል በፊት ዲዛይኑን ይፈልገዋል። እኔም ስቅለትን መካነ ኢየሱስ፣ ከቤተሰቤ ጋር ስሰግድ መዋል እፈልጋለሁ። ሽምብራዋን አየኋት። «ጎርፍ ሲመጣ እያየ በር ዘግቶ የሚቀመጥ የትኛው እብድ ነው?» አልኩ ለራሴ። አነሣኋትና ቃም አደረግኳት። ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር፤ ጾሜንም ገደፍኩባት። በሻካራው ካርታ ባስኬዳት ግማሽ ቀን ነው የምትፈጅብኝ፤ ያንን እንኳ አላደረግኩም። በሐሙስ መኪና አገሬ ገባሁ፣ አርብ ወገቤ እስኪቆረጥ ሰገድኩ።

ከፋሲካ በኋላ ገበሬው ተሰብስቦ ስናስረዳ አያ ደምሌ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ውሃው ወደ እኔ ማሳ አይመጣም?»

«አይመጣም አያ፤ በኮምፒውተር አይተነዋል» አልኩ።

«እንግዲያ እግዚአብሔር ያጽናው» አሉና የመጀመሪያውን ድንጋይ ከልጃቸው ጋር እሳቸው አቀበሉን። ግንቡ ሲሠራ ቀኑን ሙሉ ይውሉ ነበር።

ሁለት ክረምት በሰላም አለፈ። ምርት ተገኘ፣ ተመሰገንኩ፣ ያ «ፈጣን» የሚባል ስም ያኔ ነው የወጣልኝ። በሦስተኛው ክረምት ነሐሴ ላይ ቆላው ዝናብ አጣ፤ ጤፉ ገና ከመሬት ብቅ ያለ ነበርና ሰው ተጨነቀ። «ደምሌ፣ በሩን ዝጋውና ውሃው ቦይ ይግባልን» አሏቸው። ዘጉት፤ መዝጋታቸውም ልክ ነበር፣ በሩ የተሠራው ለዚያ ነው። በማግሥቱ የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት የእመቤታችን በዓል ነበር። ቀበሌው በሙሉ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር ይላሉ፤ የዘነበው ላይ ጋይንት ነው። ቅዳሴው ሳይወጣ ያ ሁሉ ውሃ ወረደ። ጎርፍ እያየ በር ዘግቶ የተቀመጠ እብድ አልነበረም። ጎርፉን ያየው ሰው ነው ያልነበረው፤ ሁሉም ማርያምን ሊያከብር ሄዶ ነበር።

ይህን እኔ ልስተው ይገባ ነበር? የውጭ ባለሙያ ቢስተው ይፈረድለታል። እኔ እስቴ ተወልጄ፣ ድቁና ተምሬ፣ በበዓል ቀን ቋጠሮ እንኳ በማይፈታበት አገር አድጌ! በዚያች ሰዓት እኔስ የት ነበርኩ? መካነ ኢየሱስ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ ቅዳሴ ላይ። እኔ ለበዓል ብዬ ኮምፒውተሩን ጥዬ ስሄድ ምንም አልመሰለኝም፤ ገበሬው ለበዓል ብሎ በሩን ጥሎ ሊሄድ ይችላል ብዬ ግን አላሰብኩም። እንዴት ያለ ድንቁርና ነው?

ማግሥቱን ስደርስ ውሃው በግራው ግንብ ጫፍ ላይ ተሻግሮ የአያ ደምሌን ማሳ ጠርጎት ሄዷል። አፈር የሚባል የለም፤ ነጭ ድንጋይ ብቻ። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። አያ ደምሌ የበዓል ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ድንጋዩ መሀል ቆመዋል፤ ቁልፉ በእጃቸው ነው። «ጠዋት መጥቼ ልክፈተው ብዬ፣ በማርያም ቀን ብረት አላነሣም ብዬ ተውሁት» አሉኝ።

እትዬ ትርንጎም ሰምተው ከእስቴ በጭነት መኪና መጡ። ግንቡን ዳር ለዳር ሄደው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «አራተኛዋስ?» አሉ።

«ሳላስኬዳት በላኋት።»

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ እንዴት በተሻለኝ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉና «እኔ ሰው መስለኸኝ!» ብለው ጥለውኝ ወደ መኪናው ሄዱ። ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ቤታቸው ስሄድም ያበሉኝ ነበር፤ ስለ ሥራ ግን አንዲት ቃል ሳያነሡብኝ ዐረፉ።

ወገዳ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ተነሥቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም» አልኩ። ያን ያህሉን ወኔ አግኝቼ ነበር። አያ ደምሌ ከኋላ ብድግ አሉ።

«ተው ኢንጂነር! ቁልፉ ከማን ኪስ ነበር? አንተ ነህ በሩን የዘጋኸው? ሰው የሰጠኝን አደራ የበላሁ እኔ ነኝ፤ እግዜርም የቀጣኝ በገዛ ማሳዬ ነው።»

ሰው እሳቸውን አመነ። እኔን ጨዋ ልጅ ነው፣ ሽማግሌ አክብሮ ነው አሉኝ። መሥሪያ ቤቱም ደስ አለው፤ «በሩ በወቅቱ ባለመከፈቱ» ተብሎ ነገሩ ተዘጋ። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ይህ ትክክል አይደለም ስለው «አንተን ደግሞ ራስህን ለመስቀል ምን አስቸኮለህ?» አለኝ። ከቢሮው ወጣሁ። ሁለተኛ አልገባሁም። እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ ካላመኑኝ ምን ላድርግ እያልኩ ኖርኩ፤ ግን ባለማመናቸው እንደ ተመቸኝ ልቤ ያውቀዋል። አያ ደምሌ ሙሴነቱን ለሌላ አስረከቡ፤ የሰው መሬት እኩል እያረሱ ልጆቻቸውን አሳደጉ። በማናቸውም ስብሰባ ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። በእኔም ስንብት ላይ እዚያው ነበሩ።

እንግዲህ ወደዚያ ዕለት ልመለስ። ግድግዳው ጥግ «አስረዳኝ» ሲሉኝ ጋቢዬን ጠቅልዬ ክንዴ ላይ አደረግኩና «ይምጡ አያ» ብዬ ወደ ቢሮው ወሰድኳቸው። ሰላማዊት የሥራ ቦታዬን የያዘችው ልጅ ናት፤ ብርቱ ናት፣ ዛሬ እሷ በአንድ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር በደቂቃ የምታስኬደውን እኔ በሁለት ቀን አላስኬደውም ነበር። አዲሱን ጠለፋ የምትሠራው እሷ ስለሆነች የድሮውም ወንዝና ግንብ ከነልኩ አላት።

«ሰላሜ፣ ያን የድሮውን ጠለፋ እንደ ነበረ አምጪልኝ። ጎርፉ ትልቅ ይሁን፣ በሩ ይዘጋ።»

ዐይኗን ወደ አያ ደምሌ ጣል አድርጋ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነች። ወንበር ስቤላቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰማያዊው ከላይ ወረደ፣ ግንቡ ዘንድ ተጠራቀመ፣ ከዚያ በግራው ጫፍ ፍስስ ብሎ ተሻገረ።

«ይቺ የእኔ ማሳ አይደለች?» አሉ፤ ጣታቸው መስታወቱን ነካ።

«ናት አያ።»

«ሾላዬ እዚህ ጋ ነበረ። እንዲሁ ነው የወሰደው፤ እንዲሁ።» ወደ እኔ ዞር አሉ። «ይህን ያኔ ማየት ይቻል ነበር?»

«ይቻል ነበር።»

«ለምን አላየኸውም?»

«ፋሲካ ደርሶ ስለነበር ትቼው አገሬ ገባሁ።»

አልተቆጡም። ትንሽ አሰቡና «በሩን ከፍቼው ቢሆንስ?» አሉ።

ይህን ፈርቼው ነበር። ሰላማዊት ቀና ብላ አየችኝ። «አስኪጂው» አልኳት። በሩ ተከፈተ፣ ያው ጎርፍ መጣ፣ ግንቡን ታክኮ ወንዙን ተከትሎ ሄደ። ማሳው ደረቅ ሆኖ ቀረ።

«አየህ?» አሉ አያ ደምሌ፤ ድምፃቸው ከራቀ ቦታ የሚመጣ መሰለኝ። «እኔው ነኝ። ልጄን ምን ብዬ አጽናናዋለሁ እንግዲህ?» ተነሥተው ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

«ይቀመጡ አያ፤ በማርያም ይቀመጡ!» አልኩ፤ ጮኼ ኖሯል፣ ልጅቱ ደነገጠች። «ገና አንድ ይቀራል። ሰላሜ፣ በሩን መልሰሽ ዝጊው። ጎርፉን እንዳለ ተዪው። የግራውን ግንብ ብቻ አንድ ክንድ ከፍ አድርጊው።»

የሠራሁት ዲዛይን የአንድ ሰው እጅ በአንዲት ሰዓት በር ላይ መኖሩን ተማምኖ የቆመ ነበር። አራተኛዋን ዙር ባስኬድ ይህን አይ ነበር፤ አይቼም የማደርገው ይህንኑ ነው፣ ግንቡን ከፍ ማድረግ። ይህን ለማስረዳት ቃል ሳልፈልግ ሰማያዊው ወረደ። ተጠራቀመ፤ በሩ ዝግ ነው። በግራው ግንብ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ከጫፉ ሥር ደረሰ። ውሃው እዚያው ቆመና ወንዙን በሚያግደው ግንብ አናት ላይ አልፎ ወደ ወንዙ ወረደ። ማሳው ደረቅ ነው።

«ቀኝ ዳሩስ?» አሉ።

«ዓለት ነው፤ ምንም አይሆንም» አለች ሰላማዊት።

«በሩ ዝግ እንደሆነ ነው ይህ?»

«ዝግ ነው አባባ። ቁልፉ የትም ቢሆን ለውጥ የለውም።»

«ይህን ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ይታየው ባለበት፣ ታሳይልኛለህ?» አሉኝ።

«አሳያለሁ። ለሰንበት ራሴ ወገዳ እወርዳለሁ።»

ክንዳቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡና ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ዘረጉት። ልክ ግንቡ ፊታቸው እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አቆሙት፤ አዩት፣ ሰማያዊውንም አዩት።

«ይህችን ታህል?»

«ይህችን ታህል አያ።»

«ምነው ታዲያ ያኔ አምጡ ብትለን?» አሉ። «ይህችን ታህል ድንጋይማ እኔና ይታየው ተሸክመን እናመጣልህ ነበር እኮ።»